ጉድለቱ የታወቀ ሞተር



እዚህ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሁለት ሐበሾች ስለ ጭነት ሥራ ማውራት ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ያገለገለ ፒካፕ ልገዛ ነው፤ የትኛው ሞተር ይሻላል? ፎርድ ነው፣ ሼቪ ነው ወይስ ዶጅ?» ወዲያው ጠረጴዛው ለሦስት ይከፈላል። አንዱ «የዶጁ ከሚንስ ካልሆነ አትንካው» ይላል። ሌላው በሼቪው ዱራማክስ ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ የድሮው ፎርድ ሰባት ነጥብ ሦስት ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን ብሎ ይመክራል። ጠያቂው ሦስቱንም ሰምቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ እንደመጣው ይሄዳል።

ጥያቄው ከጅራቱ ስለተያዘ ነው መልስ የሚያጣው። ጉድለት የሌለው ሞተር እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሦስቱም ኩባንያዎች የሚደነቁባቸው ዓመታት አሏቸው፤ ሦስቱም ቢረሱላቸው የሚመርጧቸው ዓመታትም አሏቸው። ስለዚህ ያገለገለ መጎተቻ የምትገዙ ሁሉ እንድትፈልጉ የምመክራችሁ፣ ጉድለቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ያም ጉድለት ቢመጣ ማስጠገኛው ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ሞተር ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ከሞተሩ በፊት ግን ክብደቱ ይምጣ። እናቶቻችን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይላሉ፤ በዚህ ሥራም መመጠን የሚጀምረው ከተሳቢው ነው። በሆትሻት፣ ማለትም በፒካፕና በተሳቢ ጭነት በማድረስ ሥራ ላይ የተለመደው ተሳቢ ባለ ዝይ አንገቱ ነው፤ ጉዝኔክ የምንለው፣ መያዣው ከፒካፑ አልጋ መሐል፣ ከኋላ አክስሉ በላይ የሚያርፈው። ብዙዎቹ 14,000 ፓውንድ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ጉዝኔክ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን በፒካፑ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። 14,000 ፓውንድ ሞልታችሁ ከጫናችሁ፣ ከ2,800 እስከ 3,500 ፓውንድ ጀርባው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አሁን የሾፌሩን በር ክፈቱ። በበሩ ማቀፊያ ላይ ተሳፋሪና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት የሚናገር ተለጣፊ ታገኛላችሁ። ባለ አራት በር፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ የናፍጣ ሞተር ያለው ባለ 250 ወይም 2500 ፒካፕ ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ 2,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። እናንተ 2,800 ልታሳርፉበት ነው፤ ገና ሾፌሩ፣ ሰንሰለቱና የመሣሪያ ሣጥኑ ሳይቆጠሩ። ሞተሩ ያንን ተሳቢ ያለ ችግር ይጎትተዋል፤ አክስሉ፣ ሞላውና ጎማው ግን አይሸከሙትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጎተት የሞተር ጉዳይ ነው፤ መሸከም የአክስል ጉዳይ ነው። የናፍጣ ሞተር ራሱ ከባድ መሆኑንም አትርሱ። የከሚንስ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ብቻውን 1,100 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። በዚህ የተነሳ በአንድ ዓይነት ፒካፕ ላይ ቤንዚኑ ከናፍጣው የበለጠ ሲሸከም ታገኙታላችሁ።

«እንግዲያው ባለ 350ውን፣ ከኋላ አራት ጎማ ያለውን ልግዛ» ትሉ ይሆናል። መልካም፤ ነገር ግን ሕጉን አብራችሁ ደምሩ። የፒካፑና የተሳቢው የተመዘገበ ከፍተኛ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰ፣ ተሳቢውም ከ10,000 ፓውንድ ከበለጠ፣ ሲዲኤል መንጃ ፈቃድ ክፍል ኤ ያስፈልጋል። የኋላ ጎማው ድርብ የሆነ ብዙ ፒካፕ ብቻውን 14,000 ተብሎ ይመዘገባል፤ በዚያ ላይ 14,000 ተሳቢ ሲጨመር 28,000 ሆነ። ባዶውን ብትነዱትም የሚቆጠረው በተለጣፊው ላይ የተጻፈው ነው። ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላ ለክፍያ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ከ10,001 ፓውንድ ጀምሮ የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የዶት ቁጥር ግዴታ ነው። ስለዚህ ገና ሞተር ሳትነኩ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የተሳቢው ክብደት ስንት ነው፣ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ስንት ነው፣ ድምሩ የትኛውን ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዳገቱ እንሂድ። እኛ የምንኖረው ከዴንቨር አጠገብ ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ጭነት አብዛኛው በአይ-70 ላይ አይዘንሃወር ዋሻን ያልፋል። ከፍታው 11,158 ጫማ፣ በእኛ አቆጣጠር 3,400 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። በምዕራብ በኩል፣ ስትመለሱ፣ ከሲልቨርቶርን ከተማ ወደ ዋሻው የሚወጣው ዳገት እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ሞተራችሁን በዚህ ቦታ መዝኑት፤ ካንሳስ ሜዳ ላይ የማይጎትት ሞተር የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፒካፑ 10,000፣ ተሳቢው 14,000፣ ድምሩ 24,000 ፓውንድ ይሁን። ዳገቱን 6 በመቶ እንበለው። በሰዓት 55 ማይል ለመውጣት፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 211 የፈረስ ጉልበት ጎማው ላይ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የጎማው መንከባለልና የነፋሱ ግፊት ሲጨመር፣ ጭነቱ ረጅምና ሰፊ ከሆነ 300ን ይሻገራል። ፍጥነቱን ወደ 35 ማይል ብትቀንሱት፣ ለማንሳት የሚፈለገው ወደ 134 ይወርዳል። ትምህርቱ እዚህ ነው። ተሳቢው ዳገቱን ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው በማርሽ ይመለሳል፤ በስንት ፍጥነት ይወጣል የሚለውን ግን የፈረስ ጉልበት ነው የሚወስነው። ቶርክ፣ ማለትም የሞተሩ የማዞር ኃይል፣ እና የፈረስ ጉልበት የተሳሰሩት በአንድ ቀመር ነው፤ ቶርኩን በደቂቃ ዙሩ አባዝታችሁ ለ5,252 ስታካፍሉት የፈረስ ጉልበቱ ይወጣል። የናፍጣ ሞተር ቶርኩን በዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ ሳይጮህ ይጎትታል። ቤንዚኑ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ዙሩን 4,000 አድርሶ መጮህ አለበት። መጮሁ አያስደንግጣችሁ፤ እንደዚያ እንዲሠራ ነው የተሠራው።

ከፍታው ግን ቤንዚኑን ይጎዳዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሲሶው ሄዷል። የፎርድ አዲሱ 7.3 ቤንዚን ከፋብሪካ 430 የፈረስ ጉልበት ይዞ ይወጣል፤ ዋሻው ላይ የሚቀርለት 290 ያህል ነው። ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ቀጭኑን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው።

መውጣት ብቻ አይደለም፤ መውረድም አለ። ከዋሻው ስትወርዱ በመንገዱ ዳር ፍሬን ለበጠሱ ከባድ መኪኖች የተሠሩትን የአሸዋ መውጫዎች ሁላችሁም አይታችኋል። የናፍጣ ሞተር የጭስ ማውጫ ፍሬን ካለው፣ ተርቦው ጭሱን አፍኖ ሞተሩን ራሱን ፍሬን ያደርገዋል። ከሚንስ 6.7 ይህን ከ2007 አጋማሽ ጀምሮ ይዞ መጥቷል፤ ዱራማክስ ከ2011 ጀምሮ። ዘወትር ተራራ የሚወርድ ሰው፣ ገንዘቡ ከፈቀደ፣ ያለዚህ ፍሬን ባይገዛ እመክራለሁ።

እንግዲህ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ሥራችሁ በወር ሁለት ጊዜ ትራክተር ወይም ሁለት መኪና ከከተማ ከተማ ማድረስ ከሆነ፣ ሜዳው ላይ ከሆነ፣ ቤንዚን ይበቃል፤ ያድናልም። አዲስ ሲሆን የናፍጣ ሞተር አማራጭ ብቻ 10,000 ዶላር ገደማ ይጨምራል፤ ያገለገለም ሲሆን ያ ልዩነት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቤንዚኑ ሲበላሽ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ፖምፓ ነው የሚጠይቃችሁ። ናፍጣው ሲበላሽ አንድ ኢንጀክተር ብቻ መቶዎች ዶላር ይበላል፤ ስድስት ወይም ስምንት ናቸው። በዓመት ብዙ አሥር ሺህ ማይል ተጭናችሁ የምትሮጡ፣ ዘወትር ተራራ የምትሻገሩ ከሆነ ግን ናፍጣው በነዳጁም፣ በዕድሜውም፣ በፍሬኑም ገንዘቡን ይመልሳል።

ቶዮታን የሚወድ ሁሉ «ተንድራስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ከ2007 እስከ 2021 የወጣው ባለ 5.7 ቤንዚን ጠንካራ ሞተር ነው፤ ቶዮታም በ2011 የኢንዱስትሪውን የጋራ የመጎተት መለኪያ ከሁሉ ቀድሞ የተቀበለ ኩባንያ ነው። ተንድራ ግን ግማሽ ቶን ነው። የሚጎትተው 10,000 ፓውንድ አካባቢ ሲሆን፣ ጀርባው ጉዝኔክ ለመሸከም አልተሠራም። ለጀልባና ለትንሽ ተሳቢ ይሁን፤ ለዛሬው ጉዳያችን ከመስመር ውጭ ነው።

አሁን ወደ ሞተሮቹ እንግባ። በፎርድ እጀምራለሁ፤ የሐበሻ ገዢ በርካሽ ዋጋ የሚጠመደው እዚያ ነውና።

ከ1994 አጋማሽ እስከ 2003 የነበረው 7.3 ናፍጣ በናቪስታር ኩባንያ የተሠራ፣ ከባድና ቀላል አሠራር ያለው ሞተር ነው። ጉልበቱ በዛሬ ሚዛን ትንሽ ነው፤ ሲጀምር 210 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የታወቀ ሕመሙ የካምሻፍት ዳሳሹ ነው። ይህች ትንሽ ዕቃ ስትሞት ሞተሩ መንገድ ላይ ድንገት ይጠፋል። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ አንድ መለዋወጫ ከመፍቻዋ ጋር በመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ጉድለቱ የታወቀ ሞተር ስል ምሳሌዬ ይህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው 6.0፣ ከ2003 እስከ 2007፣ ተቃራኒው ነው። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ከወንድሞቹ ረክሶ የሚታየው በምክንያት ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ጠባብ ቀዳዳዎች በኩላንቱ ዝቃጭ ይደፈናሉ። ኩላንት ያጣው የጭስ ማቀዝቀዣ ይፈነዳል። ከዚያ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ግፊቱ ቴስታታውን ያነሳል፣ የቴስታታው ጋስኬት ይሄዳል። አንዱ ጉድለት ሌላውን እየጎተተ ያመጣል። ሙሉ ጥገናው የታወቀ ነው፤ ሁለቱንም ማቀዝቀዣዎች መቀየር፣ የቴስታታውን ብሎኖች በጠንካራ ስተድ መተካት። ብዙ መካኒኮች ለዚህ ሥራ ካቢኔውን ከሻሲው ላይ ያነሱታል፤ ከዚያ ሒሳቡን ገምቱት። ይህ ሁሉ በደረሰኝ የተሠራለት 6.0 ካገኛችሁ ጥሩ መኪና ነው። ደረሰኝ ከሌለው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ጥገናው ገና ከፊታችሁ ነው ያለው።

ከ2008 እስከ 2010 የነበረውን 6.4 በአጭሩ ልለፈው። የጭስ ማጣሪያውን ለማቃጠል የሚረጨው ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል፤ ራዲያተሩ ያፈሳል፤ ፒስተኑ ይሰነጠቃል። ለጭነት ሥራ አትግዙት።

ከ2011 ጀምሮ ያለው 6.7 የፎርድ የራሱ ሥራ ነው፤ ጠንካራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተርቦ ደካማ ነበር፤ በ2015 በትልቅ ተተካ። ትልቁ ሥጋቱ ሲፒ4 የሚባለው የቦሽ ከፍተኛ ግፊት የናፍጣ ፖምፓ ነው። ይህ ፖምፓ ሲሰበር ብቻውን አይሞትም፤ የብረት ብናኙን በናፍጣው መስመር ሁሉ ይበትነዋል፤ ኢንጀክተሮቹ፣ ቱቦዎቹ አብረው ይቀየራሉ። ሒሳቡ ወደ 10,000 ዶላር ሊጠጋ ይችላል።

ሲፒ4 የፎርድ ብቻ ጣጣ እንዳልሆነ እወቁ። የሼቪ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ከ2011 እስከ 2016 በዱራማክስ ላይ ተጠቅሞበታል፤ ራም፣ የቀድሞው ዶጅ፣ ደግሞ በ2019 እና በ2020 በከሚንስ ላይ ተጠቅሞበት፣ መኪኖቹን ለጥገና መልሶ ጠርቶ ወደ ቀድሞው ሲፒ3 ተመልሷል። ከእነዚህ ዓመታት የምትገዙ ከሆነ፣ ብናኙ እንዳይሰራጭ የሚያደርገው መከላከያ ተገጥሞ እንደሆነ፣ በጥሪው ሥር ያለው መኪናም ፖምፓው ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። የናፍጣ ማጣሪያውን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለበት ቁልፉን መልሱና ሂዱ።

ዱራማክስን ኢትዮጵያ ውስጥ ኢሱዙ የነዳችሁ ሁሉ በዘመድ ታውቁታላችሁ። ጄኔራል ሞተርስና ኢሱዙ በጋራ ነድፈው፣ ሞሬን በምትባል የኦሃዮ ከተማ የሠሩት 6.6 ነው። ከ2001 እስከ 2004 የነበረው ኤልቢ7 ሕመሙ ኢንጀክተሮቹ ናቸው። የሚቀመጡት በቴስታታው ክዳን ሥር በመሆኑ፣ ሲያፈሱ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ለመቀየርም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ኩባንያው ራሱ ችግሩን አምኖ ዋስትናቸውን ወደ 7 ዓመትና 200,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ከ2004 አጋማሽ እስከ 2005 የነበረው ኤልኤልዋይ በሙቀት ቀን ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ በመጋል የታወቀ ነው፤ ለኮሎራዶ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ2006 እስከ 2007 መጀመሪያ የነበረው ኤልቢዜድ፣ 360 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስድስት ማርሽ አሊሰን ካምቢዮ ያለው፣ የጭስ ማጣሪያ ያልገባበት ነው። ገዢው ሁሉ ስለሚያውቀው ዕድሜው ቢገፋም ይወደዳል። ከ2017 ወዲህ ያለው ኤል5ፒ ሲፒ4ን ትቶ የዴንሶ ፖምፓ ተገጥሞለታል፤ ሲጀምር 445 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ገንዘቡ ያለው ሰው ከዘመናዊዎቹ ይህን ቢያይ አይቆጨውም።

ከሚንስ ስድስት ሲሊንደሩን በአንድ መስመር ደርድሯል፤ ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የሚገባበት ቦታ አለ። ከ1994 እስከ 1998 የነበረው ባለ 12 ቫልቩ 5.9 በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ፣ ኮምፒውተር የማያዘው ሞተር ነው። ጉልበቱ ከ160 እስከ 215 ነው። ያ ማለት ከላይ ባሰላነው ዳገት ላይ 24,000 ፓውንድ ይዞ የአደጋ መብራት እያበራ በቀኝ መስመር ይወጣል፤ ይወጣል ግን። ጣጣው ከሞተሩ ፊት ካለው የማርሾች ቤት የምትወልቅ ትንሽ የብረት ሚስማር ናት፤ ማርሾቹ መሐል ከወደቀች ሞተሩን ትጨርሰዋለች። መከላከያዋ ርካሽ ነው፤ መደረጉን ጠይቁ።

ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 የነበረው ባለ 24 ቫልቩ ቪፒ44 የሚባል ፖምፓ አለው። ይህ ፖምፓ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ከታች የሚገፋለት አነስተኛው ፖምፓ ሲደክም እርሱም ይሞታል። ስለዚህ የናፍጣ ግፊት መለኪያ የተገጠመለትን ፈልጉ፤ ጭነት ላይ ከ10 ፒኤስአይ በታች እንዳይወርድ ተመልከቱ። በእነዚሁ ዓመታት ከወጡት ከፊሎቹ ብሎካቸው ላይ 53 የሚል ቁጥር አላቸው፤ የብሎኩ ጎን በመሰንጠቅ ይታወቃል። ባትሪ ይዛችሁ ጎንበስ በሉና ቁጥሩን አንብቡ። ከ2003 እስከ 2007 ያለው 5.9 ለብዙ መካኒኮች የሚመረጠው ነው፤ ሕመሙ የሚታየው በኢንጀክተሩ ነው። ከ2007 አጋማሽ ጀምሮ ያለው 6.7 ጉልበቱም የጭስ ማውጫ ፍሬኑም አለው፤ ተርቦው ግን ጥላሸት ይበላዋል፣ በተለይ በከተማ ተነድቶ ቆሞ ከዋለ። ከሞተሩ በላይ የሚያሳስበኝ ካምቢዮው ነው፤ ዶጅ ላይ ከሞተሩ ቀድሞ የሚወድቀው አውቶማቲኩ ነው። ከ2013 ወዲህ በ3500 ላይ አይሲን ካምቢዮ ያለው ካገኛችሁ ቅድሚያ ስጡት።

ከቤንዚኖቹ ሁለት ልጥቀስ። የፎርድ ባለ አሥር ሲሊንደሩ 6.8 ጠንካራ ነው፤ ነዳጅ ይወዳል። የድሮዎቹ ካንዴላውን ከነጥርሱ ይተፉታል፤ ከ2005 ጀምሮ በመጡት የመጀመሪያዎቹ ላይ ደግሞ ካንዴላው ሲፈታ ውስጥ ይሰበራል። ስለዚህ ካንዴላ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ከ2020 ወዲህ ያለው 7.3 ቤንዚን ቀላል አሠራር ያለው ነውና ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

የመረጣችሁት ሞተር ሲገኝ የኋላ አክስሉን የማርሽ ምጣኔ አትርሱ። 3.42 ነው ወይስ 3.73 ወይስ 4.10? ቁጥሩ ሲበዛ ጭነት ማስነሳት ይቀላል፤ ባዶ ስትሮጡ ግን ነዳጅ ይበላል። በቀደሙት የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የጓንት ሣጥን ውስጥ ባለው ወረቀት ጂቲ4 ማለት 3.73፣ ጂቲ5 ማለት 4.10 ነው። በተለይ ቤንዚን ስትገዙ 4.10 ወይም ከዚያ በላይ ፈልጉ።

አሁን ምርመራው። ሻጩን ከመሄዳችሁ በፊት «እባክህ ሞተሩን አታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሳየውን ነገር እየሸሸገ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሲነሳ የጭሱን ቀለም ተመልከቱ። ነጭ ጭስ ሳይቆም ከቀጠለ ኢንጀክተር ወይም ኩላንት፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት፣ ጥቁር ከበዛ ነዳጅ መብዛት ወይም አየር ማጠር ነው። ሲሞቅ የዘይት ክዳኑን ፈታችሁ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። የሚዘልና የሚወረወር ከሆነ ፒስተኑ ግፊት እያሳለፈ ነው። የኩላንት ዕቃው ዙሪያ ነጭ ደለል ካለ፣ በተለይ 6.0 ላይ፣ ቴስታታው ተነስቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን ጠይቁ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ፒካፖች ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት በዳሽቦርዱ ላይ ያሳያሉ። ማይሉን ለሰዓቱ አካፍሉ። 120,000 ማይል በ3,000 ሰዓት ከሆነ በአማካይ 40 ማይል በሰዓት ሮጧል፤ የመንገድ መኪና ነው። 120,000 ማይል በ6,000 ሰዓት ከሆነ አማካዩ 20 ነው፤ በሚኒሞ ቆሞ ውሏል። ለናፍጣ ሞተር ከረጅም ጉዞ ይልቅ ቆሞ መዋል ይጎዳዋል፤ ማጣሪያውን ጥላሸት ይሞላዋል።

ኮምፒውተር ማንበቢያ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። 6.0 ከሆነ በረጅም መንገድ ላይ የዘይቱና የኩላንቱ ሙቀት ልዩነት ከ15 ፋራናይት ቢበልጥ ማቀዝቀዣው ተደፍኗል። ኤልቢ7 ከሆነ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ሚዛን ያነብላችኋል። የብልሽት ኮዱ በዚያው ጠዋት ተሰርዞ እንደሆነም ኮምፒውተሩ ራሱ ያጋልጣል፤ የራስ ምርመራዎቹ አልተጠናቀቁም ይላል። በመጨረሻም ተሳቢ አስራችሁ ሞክሩት። ባዶ ፒካፕ ሁሉ ጥሩ ነው። ሻጩ ተሳቢ ማሰር ከከለከላችሁ፣ ለምን እንደከለከለ ነግሯችኋል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ ስለ ዲሊት፣ የጭስ ማጣሪያን ስለ መንቀል። ከ2007 አጋማሽ ወዲህ ያሉ የናፍጣ ፒካፖች የጭስ ማጣሪያ አላቸው። ብዙ ሰው ነቅሎታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒካፖች ተነካክተዋል ብሎ ገምቷል። ሻጩ ይህን እንደ ጥቅም ይነግራችኋል። እኔ እንደ ዕዳ እንድትቆጥሩት እመክራለሁ። ማጣሪያ መንቀል በፌዴራሉ የንጹህ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። በዴንቨር ዙሪያ ያለውን የጭስ ምርመራ አላልፍ ሊል ይችላል፤ ስትሸጡት ብዙ ዲለር አይቀበለውም፤ ማጣሪያውን መልሶ ማስገጠም በሺዎች ዶላር ነው። በዚያ ላይ ማጣሪያውን የነቀለ እጅ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተርም ነክቷል። ጉልበቱን ያለ ልክ ጨምሮ ፒስተኑንና ካምቢዮውን ምን ያህል እንዳደከመ እናንተ አታውቁም፤ ሻጩ ያውቃል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ምክሬን ላጠቃልል። ሜዳ ላይ፣ አልፎ አልፎ፣ ከ10,000 ፓውንድ በታች የምትጎትቱ፣ 4.10 አክስል ያለው ቤንዚን ግዙ፤ ትርፉን ለጎማና ለፍሬን አውሉት። ዘወትር ተራራ የምትሻገሩ፣ ገንዘባችሁ መካከለኛ የሆነ፣ ከ2003 እስከ 2007 ያለውን ከሚንስ ወይም የ2006ቱን ዱራማክስ ፈልጉ፤ የጥገና ደረሰኝ የሌለውን ግን አትንኩ። የጭስ ማውጫ ፍሬንና ትልቅ ጉልበት የግድ የምትሹ፣ ከ2013 ወዲህ ያለውን ከሚንስ ወይም ከ2017 ወዲህ ያለውን ዱራማክስ ተመልከቱ፤ ማጣሪያው ያልተነካ ይሁን። በሦስቱም ላይ አንድ ሕግ አስቀምጡ፤ ከመግዣው ገንዘብ ላይ ለዚያ ሞተር ትልቁና የታወቀው ብልሽት የሚበቃውን ነጥላችሁ አስቀምጡ። ያንን ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ያ ሞተር ከአቅማችሁ በላይ ነውና፣ በአንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ፒካፕ ገዝታችሁ ሥራውን ጀምሩ። ሥራው ራሱ ቀጣዩን ይገዛላችኋል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ የበሩን ተለጣፊ ፎቶ አንስታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ በእናንተ እንጀምር።